የጾሙ ሰው ጀሪካን

ሶዶ ገበያ ውስጥ ማር የሚሸጥ ሰው ሲያየኝ ይስቃል። እኔ ደግሞ ማር የሚሸጥ ሰው ሳይ መንገድ እቀይራለሁ። ገበያ መሄዱንም ከተውኩ ሰነባበትኩ፤ አሁን የምትሄደው ባለቤቴ ናት። ስትመለስ ማን ምን እንዳላት፣ ማን አፉን ይዞ እንደሳቀ፣ ማን ደግሞ አፉን ሳይዝ እንደሳቀ አንድም ሳታስቀር ትነግረኛለች። "ለምን ትነግሪኛለሽ?" ስላት "ጠብታ ሳይቀር ተብለህ የለ?" ትለኛለች። ነገሩን ስትሰሙ ለምን እንዲህ እንደምትል ይገባችኋል። እስከዚያው ግን ከእሷ ጋር አታብሩብኝ።

ስኳር አለብኝ። አያችሁ፣ እንዲህ ቀላል ነው፤ ከአፍ ይወጣል፣ ማንም አይሞትም። እኔ ግን ይህችን አጭር ነገር ከባለቤቴና ከሐኪም በቀር ለማንም ሳልተነፍስ ዓመታት ኖሬያለሁ። ለምን ብትሉ ሰው ከንፈር ሲመጥልኝ አልወድም። እኛ ሰፈር አንድ ሰው ታመመ ከተባለ "ምጽ" የሚለው ድምፅ ከቤት እስከ ሥራ ይሸኘዋል። ደግሞም ስኳር የሀብታም በሽታ ነው ይላሉ። በመምህር ደሞዝ የሀብታም በሽታ ይዤ ብገኝ "ከየት አመጣው?" መባሉ አይቀርም።

ጣጣው የጀመረው ቦዲቲ፣ አንድ ሠርግ ላይ ነው። አስተናጋጇ ለስላሳ ከፍታ ፊቴ አስቀመጠች። አልጠጣም አልኳት። "ውይ፣ ሌላ ዓይነት ላምጣልህ?" አለች። እሱንም አልጠጣም አልኩ። "ምነው፣ ቅር ያለህ ነገር አለ?" ስትል የጠረጴዛው ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ይሄኔ ምላሴ እኔን ሳታማክር "ጾም ላይ ነኝ" አለች። አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እንደዚያ ቀን ተከብሬ አላውቅም፤ እንደዚያ ቀን ዋሽቼም አላውቅም።

ከዚያ ወዲህማ ኬክ ሲመጣ ጾም፣ ዳቦ ሲመጣ ጾም፣ ስኳር የበዛበት ሻይ ሲመጣ ጾም ሆነ። ጥሬ ሥጋ በዳታ ሲመጣ ብቻ ጾሜ ይፈታል። ዳታ የኛ አገር የሚያቃጥል በርበሬ ነው፤ ስኳር የለበትም፣ ሐኪምም አልከለከለኝም። ይህን ታዝቦ የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም። እንዲያውም "የሱ ጾም ከሥጋ ሳይሆን ከጣፋጭ ነው፣ ጥልቅ ነው" ተባለልኝ። ስኳሬ ከፍ ሲል ሽንት ያጣድፈኝና ስብከት መሃል ተነሥቼ እወጣለሁ። ሰው ይህንንም አይቶ "ለብቻው ሊጸልይ ወጣ" አለ። ይሄኛው እንኳ ጨርሶ ውሸት አይደለም፤ ሽንት ቤቱ ደጃፍ ወረፋ ካለ አጥብቄ እጸልያለሁ።

ትምህርት ቤት የማስተምረው ሥነ ዜጋ ነው። መጽሐፉ ስለ እውነተኝነት አንድ ምዕራፍ አለው። እዚያ ምዕራፍ ላይ ስደርስ ሳል ይይዘኛል።

የአጥቢያችን ሰዎች ስሜን ትተው "የጾሙ ሰው" ይሉኝ ጀመር። ከሁሉም አብልጠው የሚወዱኝ እማማ ማርታ ነበሩ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው አሮጊት ናቸው። እሑድ እሑድ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኝና እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው "ሳሮ፣ የጾም ልጄ" ብለው በወላይትኛ ሰላም ይሉኛል። አንድ እሑድ፣ የወላይታን ዘመን መለወጫ ጊፋታን ባከበርን ሰሞን፣ እጄን እንደያዙ "ልጄ፣ ጾም ለበሽታ ጥሩ ነው?" አሉኝ። "ጾም ለሁሉ ነገር ጥሩ ነው እማማ" አልኩና እጄን አስለቅቄ ወደ ጓሮ ሮጥኩ። የምን በሽታ ብዬ አልጠየቅኋቸውም። አጣድፎኝ ነበር።

እንግዲህ ወደ ሽንቱ ልምጣ።

የምታክመኝ ሐኪም ከደሴ ተመድባ የመጣች ወጣት ናት። ባለፈው ቀጠሮዬ "ጋሼ፣ ኩላሊትዎን ማየት አለብን" አለችኝ።

"ኩላሊቴን አያመኝም" አልኳት።

"ችግሩ እሱ ነው። ኩላሊት አያምም። ስኳር ውስጥ ውስጡን ይጎዳዋል፤ ሰውየው ሲሰማው ብዙው አልፏል። ቀድሞ የሚናገረው ሽንት ነው። ኩላሊት ወንፊት ነው ይበሉ። ወንፊቱ መላላት ሲጀምር ማለፍ የሌለበት ያልፋል። አልቡሚን የሚባል ፕሮቲን ሽንት ውስጥ መታየት ይጀምራል። መጀመሪያ ላይ በጣም ጥቂት ስለሆነ ተራው ምርመራ አያገኘውም። ያኔ ከደረስንበት ግን እንይዘዋለን።"

ከዚያ ትእዛዙ መጣ። እሑድ ጠዋት የመጀመሪያውን ሽንት እደፋለሁ። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን በሙሉ፣ የሰኞ ጠዋቱን ጨምሬ፣ ንጹሕ ዕቃ ውስጥ አጠራቅሜ አመጣለሁ። "ጠብታ ሳይቀር" አለች ጣቷን አንሥታ። "አንዴ ከፈሰሰ ውጤቱ ያታልለናል።"

ከዚህ በፊትም ቀጥራኝ ቀርቼባታለሁ። አንድ ጊዜ ፈተና አርማለሁ ብዬ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ፣ ይቅር በሉኝና፣ ጾም ነው ብዬ። አሁን ግን ፈራሁ። አባቴ እግሩ አብጦ፣ ጫማ እምቢ ብሎት ነው የሞተው። ምን እንደነበረበት ያን ጊዜ የነገረን የለም። ሐኪሟ ስለ ኩላሊት ስታወራ ዓይኔ ላይ የመጣው የአባቴ እግር ነው።

ባለቤቴ የዘይት ጀሪካን በሙቅ ውሃ አጥባ፣ አጥባ፣ አስረከበችኝ። ነጭ፣ ውስጡን የሚያሳይ ፕላስቲክ ነው። "ቤት ቁጭ ብለህ አጠራቅም" አለች። እንዴት ብዬ? ያ እሑድ የበኩራት እሑድ ነው፤ ያገሬው ሰው ካመረተው የመጀመሪያውን ለእግዚአብሔር የሚያመጣበት ቀን። እኔ ደግሞ መድረክ ላይ ወጥቼ ጸሎት እንድመራ ተመድቤያለሁ።

"ታምሜያለሁ በላ" አለች።

"የጾሙ ሰው ታመመ ሊባል?"

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።"

"አንቺ ዝም ብለሽ ጠቅልይልኝ፤ ሰው ጀሪካን መሆኑን እንዳያይ" አልኳት።

አንገቷን ነቀነቀችና ጀሪካኑን በሠርጋችን ዳንቴል ጠቀለለችው። በገዛ እጇ የሠራችው፣ ዳር ዳሩ ቀይ አበባ ያለው ዳንቴል ነው። አሠረችና "እንግዲህ ይቅናህ" አለች። በእውነቱ አምሮበት ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ነገር ይዤ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ አላውቅም።

ከመድረኩ ኋላ መዘምራን የሚለብሱባት ጠባብ ክፍል አለች። ጓሮ ደርሼ የሚጨመረውን ጨመርኩና ጀሪካኑን እዚያች ክፍል፣ ከአሮጌ ድምፅ ማጉያ ጀርባ ደበቅሁት። ዙሪያዬን አየሁ፤ ማንም አላየኝም። ወጥቼ ጸሎቱን መራሁ። በደንብ ነው የመራሁት፤ የተጨነቀ ሰው ጸሎት ይሆንለታል።

ያልሰማሁት ነገር ቢኖር የዚያን ዕለት ስጦታው የሚከማቸው እዚያች ክፍል ውስጥ መሆኑን ነው። አስተናጋጆቹ ዶሮውን፣ ጎዳሬውን፣ በኮባ የተጠቀለለውን ቅቤ ሲያወጡ ከድምፅ ማጉያው ጀርባ ባለ ቀይ አበባውን ዳንቴል አገኙ። የማን እጅ ሥራ እንደሆነ የማያውቅ ሴት አጥቢያችን ውስጥ የለችም። ደብቄ ማስቀመጤም በክፉ አልተተረጎመብኝም። "ቀኝህ የምትሰጠውን ግራህ አትወቅ የሚለውን ቃል ፈጽሞ ነው" አሉ።

ከአምልኮው በኋላ ስጦታው በጨረታ ይሸጣል፤ ወጉ ነው። የሚያጫርተው ወንድም ጴጥሮስ የሚባል የሻንቶ እህል ነጋዴ ነው። እንኳን ማይክራፎን ይዞ ባዶ እጁንም ሶዶ ቆሞ ሻንቶ ይሰማል። ፍየሏ ቀረበች፣ ቅቤው ተሸጠ፣ ዶሮዎቹ ተሸጡ። እኔ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ጉልበቴን ከጉልበቴ አጣብቄ፣ ጨረታው አልቆ ወደ ጀሪካኔ የምሄድበትን ሰዓት እጠብቃለሁ። ያን ጊዜ ወንድም ጴጥሮስ የሠርጌን ዳንቴል ከፍ አድርጎ አነሣው።

"ይህ ደግሞ የማን እንደሆነ አልናገርም!" አለና ወደ እኔ እያየ ጠቀሰ። ዳንቴሉን ገለጥ አድርጎ በብርሃን አየው። "ማር! ወርቅ የመሰለ ማር!" ነቀነቀው። "ቀጭን ነው፣ አዲስ ማር ነው!" መዳፉን ጀሪካኑ ሆድ ላይ አደረገ። "ወገኖቼ፣ ገና ሞቅ ይላል! ዛሬ የወጣ ነው!"

እውነቱን ነው፤ ዛሬ የወጣ ነው።

ዘወር ብዬ ባለቤቴን ፈለግሁ። ነጠላዋን እስከ አገጯ ስባ ተሸፋፍናለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እያለቀሰች መስሎኝ ነበር። በኋላ ስጠይቃት አይደለም አለችኝ።

ሰው ዋጋ ይጠራ ጀመር። ምን ላድርግ? ብናገር ውርደት፣ ዝም ብል የሰው ማሰሮ ውስጥ ሊገለበጥ ነው። እጄን አነሣሁና ተጫረትኩ። "እዩት! የራሱን ስጦታ በራሱ ብር!" አለ ጴጥሮስ፤ እልልታው ቀለጠ። ተቀናቃኞቼ በመንፈስ ተነሣሥተው ዋጋውን ሰቀሉት። እኔም ከእነሱ በላይ ሰቀልኩት። ዕቃው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ቀሪው ይዘቱ እዚህ እኔ ውስጥ እየጨመረ ነው። ከስንት ጭንቅ በኋላ አሸነፍኩ። የወር አስቤዛችን ሄደ፤ ይሂድ፣ ብቻ ጀሪካኔን ስጡኝ ብዬ ተነሣሁ።

እዚህ ላይ ወጋችንን ዘንግቼው ነበር። እኛ ዘንድ የተባረከ ሰው በጨረታ የገዛውን ይዞ ወደ ቤቱ አይሄድም። መልሶ ይሰጥና እንደገና ይሸጣል። እጄን ወደ ጀሪካኑ ስዘረጋ ጴጥሮስ አቅፎ ሳመኝና "መልሶ ሰጥቷል!" ብሎ ጮኸ። "አይ፣ አልሰጠሁም፣ እወስደዋለሁ" አልኩ። በእልልታው መሃል ማን ይስማኝ።

ያን ጊዜ እማማ ማርታ በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡ። የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው የቋጠሩትን አወጡ። "እኔ" አሉ፣ ሌላ ነገር አልጨመሩም። የመበለት ዋጋ ላይ የሚጨምር ሰው የለም። እጆች ሁሉ ወረዱ። ጴጥሮስ ጀሪካኑን ወስዶ እቅፋቸው ውስጥ አስቀመጠላቸው።

ወንበር እየዘለልኩ ሮጥኩ። እማማ ዳንቴሉን ፈትተው፣ አጣጥፈው ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ክዳኑን እየታገሉ ነበር። "እማማ፣ ይህን ለእኔ ይተዉልኝ" አልኩ ዝቅ ብዬ።

"እምቢ፤ የጾም ሰው ማር ነው። ጾሜን በዚህ ልፍታ።"

"የምን ጾም?"

"አንተ ያልከኝን ነዋ! ስኳር ይዞኝ የለ? ጾም ለሁሉ ነገር ጥሩ ነው አላልከኝም? የሐኪሙን ኪኒን ከጊፋታ ጀምሮ ተውኩት። እንዳንተ እጾማለሁ።"

እግራቸውን አየሁ። ጫማቸውን ከኋላ ረግጠው ነው የተጫሙት፤ ቁርጭምጭሚታቸው በእብጠቱ ጠፍቷል። የአባቴ እግር ነው። ሌላ ምንም ነገር አልታየኝም። እሳቸው ደግሞ ክዳኑን ከፍተው ጣታቸውን ሊያጠልቁ ነው።

"አይቅመሱት!"

"ምነው ሰሰትክ?"

"ማር አይደለም!"

"ምንድን ነው ታዲያ?"

"ሽንት ነው! የእኔ ሽንት ነው! ስኳር አለብኝ እማማ፣ ጾሜ አላውቅም!"

ወንድም ጴጥሮስ ምርቃት የምለዋወጥ መስሎት ማይክራፎኑን አፌ ሥር ደቅኖት ኖሯል። ቤተ ክርስቲያናችን ጣሪያው ላይ ወደ ከተማው የዞረ ድምፅ ማጉያ አለው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔ እውነት ግን ሳያድር መናኸሪያ ደረሰ። የታክሲ ረዳቶቹ "ቦዲቲ፣ ቦዲቲ" ማለታቸውን ትተው አዳመጡ አሉ።

መጀመሪያ የጮኸችው ፍየሏ ናት። ከዚያ ከኋላ አንዱ ፈነዳ፣ ቀጥሎ ሁሉም። ፓስተራችን ሳቁን ለማስቆም ለጸሎት ዓይናችንን እንድንጨፍን ጋበዙና "ጌታ ሆይ፣ ስለ ስጦታው... ስለ ስጦታዎቹ ሁሉ..." ብለው እዚያው ቀሩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት? አልተከፈተችም። የሶዶ መሬት ያን ቀን ጨከነችብኝ።

በዚህ ሁሉ ላይ አጣደፈኝ። "እማማ፣ ጀሪካኑን ያውሱኝ" አልኩ። ምን ልበል፣ የገዙት እሳቸው ናቸው። አቅፌው ወደ ጓሮ ስሮጥ ሊጸልይ ነው ያለ ሰው አልነበረም።

ስመለስ ሰው እየተበተነ ነበር። ለእማማ ብራቸውን ሊመልሱላቸው ቢሉ "የገዛሁትን ገዝቻለሁ" ብለው እምቢ ብለዋል። ብቻቸውን ተቀምጠዋል፤ ዳንቴሉ እንደታጠፈ ጉልበታቸው ላይ ነው። ይቆጣሉ፣ ይረግሙኛል ብዬ አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ። አልተቆጡም። ቀና ብለው አይተውኝ በቀስታ "ታዲያ እኔስ?" አሉ።

የሰው ሁሉ ሳቅ እንደዚያች ጥያቄ አላሳፈረኝም። ሳቁ ያልፋል። የሳቸው ጥያቄ ግን መልስ ይፈልግ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ባጃጅ ተኮናትሬ ደጃቸው ቆምኩ። ጀሪካኑ እኔ እግር ሥር፣ እማማ አጠገቤ ሆነን ሄድን። ጀሪካኔን ላቦራቶሪ አስረከብኩ። እሳቸውም ትንሽ ዕቃ ተሰጥቷቸው ገብተው ወጡ። የሳቸውን ፕሮቲን ተራው ምርመራ እዚያው አሳየ፤ ሐኪሟ ወረቀቱን አይታ፣ ጎንበስ ብላ እግራቸውን በአውራ ጣቷ ተጫነች። የተጫነችበት ጎድጉዶ ቀረ።

"እማማ፣ መድኃኒቱን ለምን አቋረጡ?" አለቻቸው።

እማማ አዩኝ፣ ከዚያ እሷን አዩ። አማርኛቸው ወንድና ሴት ስለማይለይ "እርጅና ነው ልጄ፣ ስታረጅ ታየዋለህ። ረሳሁት" አሏት።

ስለ እኔ ሲሉ ዋሹ። እኚያ እንደ ልጅ የሚያዩኝ፣ ውሸት ለአፋቸው እንግዳ የሆነባቸው ሴት። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ማይክራፎን የለም፣ ሰው የለም፣ ነገሩ ተሸፍኖ ሊያልፍ ነው፤ ደስ ሊለኝ ሁሉ ዳዳው። ወዲያው ያ እግር ላይ የቀረውን ጎድጓዳ አየሁ።

"አልረሱም" አልኩ። "እኔ ነኝ ያስተውኋቸው።" ሁሉንም ነገርኳት፤ ሠርጉን፣ ጾሙን፣ ሩጫውን። አልተቆጣችኝም። እስክርቢቶዋን አንሥታ የእማማን መድኃኒት እንደገና አዘዘች።

የእኔ ውጤት ሲመጣ እማማ አብረውኝ ገቡ። "ብሬን ከፍዬ የገዛሁት ነው፣ ለእኔም አንብብልኝ" አሏት። ሐኪሟ መሳቅ ጀምራ ተወችው። የእኔ ወንፊት ትንሽ ትንሽ ማሳለፍ ጀምሯል፤ በጊዜው ተደርሶበታል፣ በኪኒንና በጥንቃቄ ይያዛል አለች። የእማማ ግን ብዙ ነው። "የቆየ ነው" አለች ወደ እኔ ዞራ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ሁሉም የእርስዎ ጥፋት አይደለም። ግን ያለ መድኃኒት ያለፉት ወራት አልጠቀሟቸውም።" ሁሉም አይደለም ማለት ጥቂቱ ነው ማለት እንደሆነ ለመረዳት ሥነ ዜጋ ማስተማር አያስፈልግም።

አሁን ቀጠሯችን አንድ ቀን ነው፤ ኪኒናቸውን መዋጣቸውን እኔ ነኝ በየጠዋቱ አልፌ የማየው። ባጃጅ ውስጥ እኔ ዕቃዬን ዛሬም ኮቴ ሥር እደብቃለሁ፤ አመል አይለቅም። እማማ ግን የራሳቸውን በግልጽ በእጃቸው ይዘው ይቀመጣሉ። ባለፈው ከእኛ ጋር የተሳፈረች አንዲት ሴት ዕቃውን አየችና "እማማ፣ ማር ነው?" አለቻቸው።

"አይ፣ ሽንት ነው" አሉ እማማ ሳይጨነቁ። ከዚያ በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቱ። "ማር የሚሸጠው እሱ ነው።"

ሴትዮዋም ሾፌሩም ሳቁ። እኔም ፊቴን ወደ ውጭ አዙሬ ሳቅሁ፤ እማማ ክንዴን ጨበጥ አድርገው ይዘውኝ ነበር።